ጥቆማ፦ ሚኒሶታ ጓሯችሁ ውስጥ የሜፕል ዛፍ ላላችሁ

ማርች ሊገባ ነው። ሌሊቱ እየበረደ ቀን በረዶው መቅለጥ ሲጀምር የሜፕል ዛፍ ውሃውን ይለቃል። ሴንት ፖልና ሚኒያፖሊስ አካባቢ ጓሮ ያለው ቤት ገብታችሁ «ይህን ውሃ አፍልቼ ሽሮፕ (ጣፋጭና ወፍራም ፈሳሽ) ለመሥራት ምን ልግዛ?» ለምትሉ፣ የእኔ ሐሳብ ይኸው። ለማጠራቀሚያው ብዙ አታውጡ። ገንዘቡ የሚያስፈልገው ማፍላቱ ላይ ነው።

ማጠራቀሚያ፦ ባለ ክዳን የብረት ባልዲ ያምራል፣ ይበረክታል፣ ግን ይወደዳል። ያገለገለ ስትገዙ ተጠንቀቁ፤ ከድሮዎቹ መርዛማ በሆነው የእርሳስ ብረት (ሌድ) የተበየዱ አሉ። ዛፉ ላይ የሚንጠለጠለው የላስቲክ ከረጢት ርካሽ ነው፣ ምን ያህል እንደሞላም ከሩቅ ይታያል። ስኩዊረል ከቀደደው ግን ውሃው መሬት ላይ ቀረ። እኔ የምመርጠው አጭር የፕላስቲክ ቱቦና መሬት ላይ የሚቀመጥ ባልዲ ነው። ባልዲውን ሱፐርማርኬት ኬክ ክፍል ጠይቁ። የኬክ ክሬም የመጣበትን ብዙ ጊዜ በነጻ ይሰጣሉ፤ ለምግብ የተሠራ ስለሆነ አያሰጋም። ክዳኑን በስቶ ቱቦውን ማስገባት ብቻ ነው።

ዛፉ ላይ የምትሰካው ቧንቧ 7/16 እና 5/16 ኢንች አለች። ትንሿን ግዙ። የውሃው መጠን ብዙም አይቀንስም፣ የዛፉ ቁስል ግን ቶሎ ይድናል። ቀዳዳው ከ2 ኢንች አይለፍ። ደረታችሁ ጋ ወርዱ 10 ኢንች ያልሞላ ዛፍ ደግሞ እባካችሁ አትንኩ።

ወደ ማፍላቱ ስንመጣ፣ ከ40 ሊትር ውሃ የሚወጣው 1 ሊትር ገደማ ሽሮፕ ነው። ሌላው ሁሉ እንፋሎት ሆኖ ይሄዳል። ስለዚህ ኩሽና ውስጥ አይሞከርም። የድግስ ጎላችን ትልቅ ቢሆንም ጥልቅ ስለሆነ ቀኑን ይፈጃል። ሰፊና ጠፍጣፋ ነገር ይሻላል። ሬስቶራንት ያለው ዘመድ ካላችሁ፣ ምግብ ማሞቂያው ላይ የሚቀመጠውን አራት ማዕዘን የስቴንለስ ትሪ ለምኑት። ፕሮፔን ጋዝ ምቹ ነው፣ ግን ሲሊንደሩ ሳታስቡት ያልቃል። እንጨት ካላችሁ ብሎኬት ደርድራችሁ ምድጃ ሥሩ፤ ከሁሉም የሚያዋጣው እሱ ነው።

ሽሮፑ መድረሱን ለማወቅ የቢራ ሃይድሮሜትር (የፈሳሽ ውፍረት መለኪያ) አትግዙ፤ የሽሮፕ ውፍረት ከመለኪያው በላይ ነው። ለሜፕል የተሠራ አለ። ቴርሞሜትር ብቻ ካላችሁ፣ ሽሮፑ የሚደርሰው ውሃ ከሚፈላበት 7 ዲግሪ ፋራናይት ሲበልጥ ነው። ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ከአየሩ ግፊት ጋር ስለሚለዋወጥ፣ በዚያው ዕለት ንጹህ ውሃ አፍልታችሁ ለኩ።

ሙያውን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ፣ ቻስካ ያለው የሚኒሶታ ላንድስኬፕ አርቦሬተም (የዛፍና የዕፅዋት መናፈሻ) ራሱ ሽሮፕ ያመርታል። ልጆችን ይዛችሁ ሂዱ። ዕቃውን በብዛት ለሚፈልግ ደግሞ ዊስኮንሰን፣ ከምበርላንድ ያለው አንደርሰንስ የሚባል ድርጅት የሜፕል ነገር ዋና ሥራው ነው።

የቀዳችሁትን ውሃ እንደ ወተት ቁጠሩት፤ በቅዝቃዜ አቆዩት፣ በጥቂት ቀን ውስጥ አፍሉት። ቡቃያው ማበጥ ሲጀምር ቧንቧውን ንቀሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ጣዕሙ የተበላሸ ነው።