ናቪጌተር ይቀጠር ወይስ ሐኪም ይጨመር?

ምዝገባ ክፍል፣ ሂዩስተን፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሥራ ቦታችን ላይ የተነሳውን ክርክር እዚህ ላምጣው። የምሠራው አንድ የማኅበረሰብ ክሊኒክ ምዝገባ ላይ ነው። አብዛኞቹ ታማሚዎቻችን ሂስፓኒክ ናቸው፤ ኢንሹራንስ የላቸውም። ቴክሳስ ኢንሹራንስ በሌላቸው ሰዎች ድርሻ ከአሜሪካ አንደኛ ናት። ሜዲኬይድን፣ ማለትም ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠውን የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ካላሰፉት 10 ግዛቶችም አንዷ ናት። አሁን ትንሽ ገንዘብ ተገኝቷል። ግማሹ ሠራተኛ «ነርስ ፕራክቲሽነር እንቅጠር» ይላል፤ እንደ ሐኪም መርምራ መድኃኒት የምታዝ ነርስ ማለት ነው። ግማሹ ደግሞ «ሁለት ናቪጌተር ይሻላል» ባይ ነው። እኔ ከሁለተኞቹ ወገን ነኝ።

ናቪጌተር ስል ታማሚውን በቅጹ፣ በቢሉና በቀጠሮው የሚመሩትን፣ ስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ ፕሮሞቶራ የሚሏቸውን የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ማለቴ ነው። ብዙዎቹ ከዚያው ሰፈር የወጡ ሴቶች ናቸው። እዚህ ቴክሳስ ሰርተፍኬት ለማግኘት የ160 ሰዓት ሥልጠና አለ።

ባለፈው ዓመት አንዲት ሴትዮ ፌስታል ይዛ መጣች። ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ሁሉም ፖስታ ነው፤ አንዱም አልተከፈተም። በጊዜያዊነት አብራን የነበረች ፕሮሞቶራ አጠገቧ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ፖስታዎቹን እየከፈተች በቀን ቀናቸው ደረደረቻቸው። ከመሃል ከአንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የመጣ ቢል ተገኘ። አምስት ወር ሆኖታል። ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል አቅም ለሌለው የክፍያ እርዳታ ሊኖረው ሕጉ ያስገድደዋል። ታማሚውም ከመጀመሪያው ቢል ጀምሮ ለማመልከት 240 ቀን አለው። ሴትዮዋ ይህን ከማን ትስማ? ቅጹን አብረው ሞሉት፤ በኋላ ቢሉ ተሰረዘ። ከዚያ በፊት ግን ዕዳ ይጨመርብኛል ብላ የስኳር ክትትሏን አቋርጣ ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

የሂሳብ ሰው፣ ሜሪላንድ፦
እህቴ፣ ታሪኩ ልብ ይነካል። ገንዘብ ሲመደብ ግን ከአንድ ሰው ታሪክ ራቅ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ኒው ጀርሲ ካምደን ውስጥ ሆስፒታል ደጋግመው የሚተኙ 800 ታማሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ለአንዱ ቡድን ነርስ፣ ሶሻል ወርከርና የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ ተመደበለት። ውጤቱ በ2020 ወጣ። በ180 ቀን ውስጥ ተመልሰው ሆስፒታል የተኙት እርዳታውን ካገኙት 62.3 በመቶ፣ ካላገኙት 61.7 በመቶ ናቸው። ልዩነት የለም ማለት ነው።

መንገድ መሪ በረከተ፣ የሚደረስበት በር ግን ተዘግቷል። የልብ ስፔሻሊስት ቀጠሮ ስምንት ወር ከሆነ፣ ናቪጌተሯ እጅ ይዛ የምትወስደው ወደ ወረፋ ነው። ሐኪም ይጨመር።

ነርስ፣ ዳላስ፦
ወንድሜ፣ ካምደን የተመረጡት እጅግ የከበደባቸው ሰዎች ናቸው። ከቀጠሮ በላይ ቤትና ሌላም ብዙ የጎደላቸው። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ፊላደልፊያ ውስጥ የሚያካሂደውን ኢምፓክት የሚባለውን ፕሮግራምም ተመልከት። እዚያ በማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ ላይ የወጣ 1 ዶላር ለሜዲኬይድ 2.47 ዶላር መልሷል ተብሎ ተሰልቷል።

ግን ያልከው ግማሹ እውነት ነው፤ አልሸፍነውም። እዚህ ኩላሊቱ የደከመ፣ የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው ብዙ ጊዜ ቋሚ የእጥበት ቀጠሮ አያገኝም። ፖታሲየሙ እስኪያሻቅብ፣ ትንፋሽ እስኪያጥረው ቤቱ ይጠብቃል። ከዚያ ድንገተኛ ክፍል ገብቶ ይታጠባል። በሳምንቱ ያው ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ይህን የትኛዋም ናቪጌተር አትፈታውም። ኮሎራዶ በ2019 የፈታችው መመሪያ ቀይራ ነው።

ፍርሃቱን ግን ማን ያስወጣ? ከኅዳር 2024 ጀምሮ የቴክሳስ ሆስፒታሎች በገዥው ትእዛዝ የታማሚውን የመኖሪያ ሁኔታ ይጠይቃሉ። ታማሚው አልመልስም ማለት ይችላል፤ ሕክምናውም አይከለከልም። ይህን ሐኪሙ በ15 ደቂቃ መሃል አያስረዳም። ቢያስረዳም የምትታመነው የሰፈሩ ሴት ናት።

ጤና ኤክስቴንሽን የነበርኩ፣ ዴንቨር፦
እኔ አገር ቤት በጤና ኤክስቴንሽን ሠርቻለሁ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ፕሮግራም ነው። አንድ ዓመት ሠልጥነን ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሁለት ሴት ተመደብን፤ ደመወዙም የመንግሥት ነበር። መጀመሪያ ዓመት በር የዘጉብኝ እናቶች በሦስተኛው ዓመት ቡና ጠርተውኛል። ያኔ ነው የምሬን መሥራት የጀመርኩት።

እዚህ የማየው ችግር ናቪጌተሮቹ በጊዜያዊ ገንዘብ መቀጠራቸው ነው። ሰው በግሉ ኢንሹራንስ የሚገዛበትን የፌዴራሉን የኢንሹራንስ ገበያ ናቪጌተሮች በጀት እዩት። በ2016 62.5 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2018 10 ሚሊዮን፣ በ2024 100 ሚሊዮን። በየካቲት 2025 እንደገና ወደ 10 ሚሊዮን እንደሚወርድ ተነገረ። ሰው ፊቷን ሲለምድ እሷ ትሰናበታለች። ስለዚህ ወይ ቋሚ አድርጋችሁ ቅጠሩ፣ ወይ ተዉት።

ኡበር ነጂ፣ ሂዩስተን፦
እኛም አለንበት እኮ። በ2025 በወጣው ሕግ ጥገኝነት ያገኘ ሰው ግሪን ካርዱ እስኪመጣ ከ2027 ጀምሮ የኢንሹራንስ ገበያውን ድጎማ አያገኝም። ያኔ ሐበሻውም ያቺኑ ወንበር ነው የሚፈልገው።

የሂሳብ ሰው፣ ሜሪላንድ፦
በቋሚ ደመወዙ ነገር እስማማለሁ። አንዷ ትቀጠር፤ ቀሪው ገንዘብ ለስፔሻሊስት ቀጠሮ ይዋል። ግን ሪፖርት ላይ «ይህን ያህል ሰው አነጋገርን» እንዳትሉ። ስንቱ ሐኪም ፊት ደረሰ? መድኃኒቱን ስንቱ ወሰደ? የሚቆጠረው እሱ ብቻ ይሁን።

ምዝገባ ክፍል፣ ሂዩስተን፦
ስለ ስፔሻሊስቱ ተቀብያለሁ። በእኛ ካውንቲ ግን ገና ያልተነካ በር አለ። የሃሪስ ካውንቲ የሕክምና እርዳታ ወረቀት አለህ የለህም ሳይል ነዋሪውን ይቀበላል። የሚጠይቀው የአድራሻና የገቢ ማስረጃ ነው። ታዲያ ደመወዙን በጥሬ ብር የሚቀበል፣ ዘመድ ቤት የተጠጋ ሰው በስሙ የመብራት ቢል ከየት ያመጣል? በምን ደብዳቤ እንደሚተካ የምታውቀው ፕሮሞቶራዋ ናት። ሐኪም ብንጨምር ይህ ሰው ሐኪሙ ጋ አይደርስም።

ቆጠራው ላይ ግን አልስማማም። ባለ ፌስታሏ ሴትዮ በሦስተኛው ስልክ ነው የመጣችው። ሁለቱን ጊዜ ጆሯችን ላይ ዘግታዋለች። የደረሰ ብቻ ከተቆጠረ እንደሷ ያለውን ሰው ሦስተኛ ጊዜ የሚደውልለት አይኖርም። ስብሰባችን ሐሙስ ነው፤ ስልኩም ይቆጠር ብዬ እከራከራለሁ።