የሙሽራ ቀሚስ ጥልፍ ቀለም ለቀቀብኝ፤ ቅዳሜ ይወሰዳል፣ እባካችሁ ድረሱልኝ

መርፌዬ ዘሐዋሳ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡40)
እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። የሙሽራ የመልስ ቀሚስ ነው፤ ነጭ መነን። ደረቱ ላይ የሐይቃችንን ማዕበል በሰማያዊ ጠልፌ፣ በማዕበሉ መካከል ቀይ የቡና ፍሬ በትኜበታለሁ። የታችኛው ጠርዝም እንዲሁ ነው። ጥልፉ አልቆ ልተኩሰው ውኃ ስረጭበት ሰማያዊው ወደ ነጩ ጨርቅ ወጣ። ደረቱ ላይ መዳፍ የሚያህል ቦታ ሰማያዊ ጥላ አጥልቶበታል፤ ጠርዙ ላይ ደግሞ ቀጫጭን ሰማያዊ መስመሮች ይታያሉ። ሙሽራዋ ቅዳሜ ጠዋት ልትወስደው ትመጣለች። ሌላ ቀሚስ ለመጀመር ጊዜውም ጨርቁም የለም። በምን ይለቃል?

አልማዝ ዘአዳማ
አይዞሽ እህቴ። ጨውና አቼቶ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠሽ ንከሪው። እናቴ ሁልጊዜ የምታደርገው ይህንን ነው።

የታቦር ልጅ
ሐይቁን አሳምረሽ ጠልፈሽዋል ማለት ነው፤ ይኸው ሞልቶ ፈሰሰ! ቀልዱን ተዪውና ካውያውን አሁኑኑ ከሶኬት ንቀዪው። ሙቀት የነካው የቀለም እድፍ በቀላሉ አይለቅም። ጨርቁም እንዳይደርቅ፤ ከደረቀ ሥራሽ እጥፍ ይሆናል።

ጋሼ ልብስ ሰፊ
ልጄ፣ በመጀመሪያ ደረጃ ጥልፍ የሚጀመረው ከመርፌ አይደለም፤ ከመታጠብ ነው። እኛ ሥራውን ስንማር ነጩን ጨርቅ አጥበን፣ አድርቀን፣ ተኩሰን ነበር መወጠሪያው ላይ የምንወጥረው። ጨርቁ አስቀድሞ ካልታጠበ ከተጠለፈ በኋላ ሲታጠብ ይሰበሰብና ጥልፉ ይጨማደዳል። ክሩም እንዲሁ ነው። አዲስ ክር ሲገዛ አንድ ክንድ ያህል ተቆርጦ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ለብ ባለ ውኃ ይነከራል። ነጩ ከተበከለ ያ ክር ለነጭ ልብስ አይሆንም፤ ለጥቁር ጃኬት፣ ለቦርሳ፣ ለትራስ ልብስ ይቀመጣል። በተለይ ቀይ፣ ጥቁርና ጥልቅ ሰማያዊ አይታመኑም።

የዛሬ ልጆች ክር የምትመርጡት በማብረቅረቁ ነው። ምን ዓይነት ክር እንደሆነ የምትጠይቁት ስንት ናችሁ? ሻጩ የማያውቅ ከሆነ በእሳት ይታወቃል። ጫፉን በክብሪት ሲለኩሱት ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ከሠራ ፖሊስተር ነው፤ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ከሆነ ጥጥ ወይም ሬዮን ነው። ፖሊስተር ቀለሙን በቀላሉ አይለቅም። ሬዮን ግን ያምራል እንጂ ውኃ ሲነካው ይደክማል። ይህንን ለሚቀጥለው ያዢው።

አልማዝ ዘአዳማ
ጋሼ እውነት ነው፤ ለአሁኑ ግን ምን ታድርግ? እህቴ፣ ጨውና አቼቶውን ሞከርሽው?

ጥራት ተቆጣጣሪ
መርፌዬ፣ ጨውና አቼቶውን ተዪው። አቼቶ የሚረዳው ሱፍና ሐር ሲቀለም ነው። ጨው ደግሞ ጥጥ በሚቀለምበት ጊዜ ቀለሙ ወደ ክሩ እንዲገባ ያግዛል እንጂ የወጣውን አይመልስም፣ የቀረውንም አያስርም። በረኪናማ ፈጽሞ እንዳትነኪ! የጥልፉን ቀለም ይበላዋል፣ መነኑንም ያሳሳዋል።

ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ስፈትሽ ቆይቻለሁ። ቀለም መልቀቁ የሚለካው በነጭ የጥጥ ጨርቅ ነው። ጨርቁ በደረቁም በእርጥቡም ይታሽና የተበከለው መጠን ከ1 እስከ 5 ባለው መለኪያ ይመዘናል፤ 5 ማለት ምንም አልለቀቀም ነው። አንቺ መለኪያው አያስፈልግሽም፣ ነጩ ጨርቅ ግን ያስፈልግሻል። ከዚያ በፊት እነዚህን መልሺልኝ፦ ንድፉን ጨርቁ ላይ ያሳረፍሽው በምንድን ነው? ደረቱና ጠርዙ የተጠለፉት በአንድ ዓይነት ክር ነው? ካውያው የትኛውን ቦታ ነክቷል?

መርፌዬ ዘሐዋሳ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡25)
ንድፉን ያሳረፍሁት በካርቦን ወረቀት ነው፤ ሁሉም የሚያደርገው ይህንን ነው። ደረቱ የእጅ ጥልፍ ነው፣ በጥጥ ክር። ጠርዙ በመኪና የተጠለፈ ሲሆን ክሩ የሚያብረቀርቀው ነው። ጋሼ እንዳሉት ለኮስኩት፣ ቀለጠ። ካውያው ደረቱን አልነካም። ጠርዙን ግን በግራ በኩል ጥግ ላይ ነክቶታል።

ጥራት ተቆጣጣሪ
እንግዲያው ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው የያዙሽ፤ ሁለቱን በአንድ መድኃኒት አታክሚ።

ጠርዙ ላይ የሚታየው መስመር የካርቦኑ ይመስለኛል። ክር ቀለም ሲለቅ ዙሪያውን ይሰፋል፣ ዳርቻው ይደበዝዛል። ካርቦን ግን ያሰመርሽበትን መንገድ ይዞ ቀጭን እንደሆነ ይቀራል። ለማረጋገጥ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጥልፉ ላይ አድርገሽ ለአንድ ደቂቃ ያህል ተጫኚው። ጠርዙ ላይ ነጩ ንጹሕ ሆኖ ከተነሣ፣ ደረቱ ላይ ግን ሰማያዊ ከሆነ፣ እንዳልኩሽ ነው።

ካርቦን ሰምና ዘይት አለበት፤ ስለዚህ በውኃ ብቻ አይሄድም። ከስሩ የታጠፈ ነጭ ጨርቅ አድርጊ። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በጥጥ ነክረሽ መስመሩን ከላይ መታ መታ አድርጊው፤ አትፈትጊው። ከስር ያለው ጨርቅ ቀለም በያዘ ቁጥር ቦታውን ቀይሪ። በሳሙና እምቢ ካለ ከፋርማሲ የሚሸጠውን አልኮል ሞክሪ፤ በመጀመሪያ ግን ከውስጥ በኩል፣ ስፌት በሚደብቀው ቦታ ላይ ፈትሺው።

ደረቱን በሰፊ ሳፋ፣ በብዙ ውኃ ንከሪው። ውኃው ለብ ያለ ይሁን፤ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጨምሪበት። ጨርቁ ተዘርግቶ ይስመጥ፤ ተጣጥፎ ከተቀመጠ ቀለሙ ከአንዱ እጥፋት ወደ ሌላው ያልፋል። ውኃው ሰማያዊ ሲሆን ቀይሪው፣ እንደገና ንከሪው። ንጹሕ ውኃ እስኪቀር ድረስ ሌሊቱንም ቢሆን ይቀጥል። ቀዩን የቡና ፍሬም በነጩ ጨርቅ ፈትሺው፤ ቀዩም ከለቀቀ ውኃውን ቶሎ ቶሎ መቀየር አለብሽ።

ሸማ ወዳድ
እኔ የምለው ሌላ ነው። የሐበሻ ቀሚስ ውበቱ ሸማኔው የሚያወጣው ጥለት ነው። ሐይቅና ቡና ደረት ላይ መጥለፍ ከየት የመጣ ነው? ጥለት ቀለም ለቀቀ ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሙሽራዋን አሳምናችሁ ጥለት ያለው ብታለብሷት ይሻላል።

የአያቴ ሙዳይ
ሸማ ወዳድ፣ ለሸማኔው ያለህን ክብር እጋራለሁ፤ ጥልፍን ግን መጤ አታድርገው። የአያቶቻችን ጥልፍ ቀሚስ ከአንገት ጀምሮ በደረት ወርዶ መስቀል ይሠራ ነበር፤ ጀርባውም ይጠለፋል፣ እጅጌውም ይጠለፋል። ጥለትም ቢሆን ክሩ ካልታመነ ይለቃል፤ እኔ ራሴ ቀይ ጥለት ያለው ነጠላ ሲታጠብ ሮዝ ሆኖ አይቻለሁ። ደግሞ ልጅቷ የጠየቀችው ቀሚሱን እንዴት እንደምታድነው ነው።

ሸማ ወዳድ
ጥልፍ ይጥፋ አላልኩም። መስቀሉ ይጠለፍ። ሐይቅ ግን አይጠለፍም።

የታቦር ልጅ
ሐዋሳ ተወልደህ ሐይቅ አይጠለፍም ካልክ የት ሄደህ ልትናገረው ነው?

መርፌዬ ዘሐዋሳ (ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1፡15)
እንዳልሽው ሆነ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጠርዙን ስጫነው ነጩ ጨርቅ ንጹሕ ነው፣ ደረቱን ስጫነው ሰማያዊ ሆነ። ቀዩ አልለቀቀም። የጠርዙ መስመር በሳሙናው ሄዷል፤ ካውያ የነካው ጥግ ግን አልለቀቀም። ደረቱን ሌሊቱን ውኃ ስቀይርለት አደርሁ። በጣም ቀንሷል፣ አሁን ውኃው ንጹሕ ነው። ሆኖም በብርሃን ሲታይ ከማዕበሉ በታች ሰማያዊ ጥላ አሁንም አለ። ሙሽራዋ ታየዋለች። ከዚህ በኋላ ምን ላድርግ?

ሐረግ ሥራ
ከዚህ በኋላ ማጠቡን አቁሚ። መነን ስስ ነው፤ ብትፈትጊው ጨርቁ ይሳሳና ከጥላው የባሰ ይታያል። የቀረውን በንድፍ ሸፍኚው። እኔ የካህናት አልባሳትና የቦርሳ ጥልፍ እሠራለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም መሸፈን የተለመደ ነው።

አንደኛ፣ በነጭ ወይም በፈዛዛ ክር ለመሸፈን አትሞክሪ። ፈዛዛ ክር ሥር ያለው ጥላ ይታያል። ከጥላው የጠቆረ ክር ነው የሚሸፍነው። ማዕበልሽ ሰማያዊ ከሆነ ከሥሩ ጥልቅ አረንጓዴ ይስማማዋል። የእንሰት ቅጠል አስቢ፦ ሰፊ፣ ረጅም፣ በመካከሉ ወፍራም አጥንት ያለው። ሦስት ወይም አምስት ቅጠል ከአንድ ሥር ተነሥቶ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲዘረጋ ጥላው ያለበትን ቦታ በሙሉ ይይዛል። ሐይቁ ከላይ፣ እንሰቱ ከሥር፣ ቡናው በመካከል፤ አገሩን የሚያውቅ ሁሉ ይለየዋል። የመካከሉን አጥንት በቀላል ቢጫ አረንጓዴ አድርጊው፤ ከዚያ ክሩን ከአጥንቱ ወደ ዳር በሰያፍ ጣይው። ቅጠሉን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ረጅም ስፌት አትሙዪው። ረጅም ስፌት ቀለበትና አምባር ይይዘዋል፣ ይመዘዛል። አጥንቱ ላይ መክፈልሽ ለዚህም ይጠቅምሻል።

ሁለተኛ፣ መነን ላይ ጥቅጥቅ ያለ ጥልፍ ጨርቁን ይሰበስበዋል። ከስሩ ስስ ማጠንከሪያ ጨርቅ አድርጊ፣ ስትጨርሺ ትርፉን ዙሪያውን ቁረጪው። ይህ ካስፈራሽ ሌላ መንገድ አለ፦ ቅጠሎቹን ለብቻ ጠንከር ያለ ጨርቅ ላይ ጥለፊያቸው፣ ዳሩን ጥቅጥቅ ባለ ስፌት ዝጊው፣ በዳሩ ልክ ቆርጠሽ ቀሚሱ ላይ በማይታይ ስፌት አያይዢ። ቀሚሱን ሳትወጥሪው ትሠሪያለሽ፤ ካላማረሽም ትፈቺዋለሽ። በአንድ ቀን የሚደርሰው ይኸኛው ይመስለኛል፣ ቅጠል በቅጠል ለሁለት ሰው ሊከፈል ይችላልና።

ሦስተኛ፣ ካውያ የነካው የጠርዝ ጥግ። እዚያ ላይ ብቻ ቅጠል ብታደርጊ መሸፈኛ መሆኑ ይታወቃል። በቀኙም ጥግ ላይ ድገሚው። ትርፍ ጊዜ ካገኘሽ አንዲት ትንሽ ቅጠል ነጠላዋ ጫፍ ላይ፣ አንዲት ደግሞ የእጅ ቦርሳዋ ላይ አድርጊ። ያን ጊዜ ከመጀመሪያው የታሰበ ሆኖ ይታያል።

በዚህ ጊዜ ግን ንድፉን በካርቦን አታሳርፊ። ንድፉ ያለበትን ወረቀት በመርፌ በሳስተሽ፣ ጨርቁ ላይ አድርገሽ በጠመኔ ዱቄት መታ መታ አድርጊው፤ ሲራገፍ ይሄዳል።

የታቦር ልጅ
እንሰቱን ትተሽ አባ ኮዳ ብትጠልፊበትስ? ሐይቁ ዳር እሱ ሳይኖር አይሞላም!

የአያቴ ሙዳይ
ለሙሽራ አባ ኮዳ? ራሰ በራ ወፍ ደረቷ ላይ ልታቆምላት ነው? ለወንዶቹ ሚዜዎች ጃኬት ኪስ ላይ ይሁን። እንዲያውም እዚያ ያምራል፤ በግራጫና በነጭ ክር፣ አንድ ጣት የማታክል ትንሽዬ።

ጋሼ ልብስ ሰፊ
የሐረግ ሥራ ምክር የባለሙያ ነው። እኔ የምጨምረው አለ። አረንጓዴውን ክር ዛሬ ስትገዢ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመሽ በእርጥብ ነጭ መሐረብ እሺው። ጥላውን በሸፈንሽበት ክር ሌላ ጥላ እንዳታመጪ።

ሸማ ወዳድ
እንሰቱን እቀበላለሁ። ከሐይቁ ይሻላል።

መርፌዬ ዘሐዋሳ (ዓርብ፣ ከቀኑ 8፡05)
አረንጓዴው ክር ተገኝቷል፤ በመሐረብ ታሽቶ አልለቀቀም። ቅጠሎቹን ለብቻ እየጠለፍሁ ነው፣ እህቴም አንዱን ይዛልኛለች። መኪናው ላይ ልጨርሰው ስል መብራት ጠፋ፤ በእጅ ቀጥያለሁ። ዳሩን በእጅ ስዘጋ ከተቆረጠ በኋላ እንዳይተረተር ምን ላድርግ?

ሐረግ ሥራ
ዳሩን ከመዝጋትሽ በፊት በቅጠሉ መስመር ላይ ጥቃቅን ስፌት ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዙሪበት፤ ከዚያ ያንን ሸፍነሽ በቁልፍ ቤት ስፌት ዝጊው፣ ስፌቱም ጎን ለጎን ይጠጋጋ። ስትቆርጪ መቀሱን ወደ ውጭ አዘንብዪው፣ ክሩን እንዳይነካ። መብራት ሲመጣ ካውያውን በጥልፉ ፊት አታሳርፊ፤ ወፍራም ፎጣ ላይ ገልብጠሽ ከጀርባው ተኩሺው፣ አለበለዚያ ቅጠሉ ይጨፈለቃል።

አልማዝ ዘአዳማ
እኔ አሁንም ጨውና አቼቶው አይጎዳም እላለሁ። በርቺ እህቴ፣ ጸሎታችን ካንቺ ጋር ነው።

ጥራት ተቆጣጣሪ
አልማዝ፣ ላልተጠለፈ ክር እንኳ አይሠራም። ክሩን ከመጥለፍሽ በፊት ደጋግመሽ እጠቢው፤ ትርፉ ቀለም የሚወጣው በመታጠብ ነው።

የአያቴ ሙዳይ (ማክሰኞ)
መርፌዬ፣ መልሱ ትናንት አልነበረም? ቀሚሱ እንዴት ሆነ? ፎቶግራፍ ለጥፊልን።

ቦርሳ ሰፊዋ (ረቡዕ)
እኔም ልጠይቅ፤ የቆዳ ቦርሳ ላይ ይህንን የእንሰት ቅጠል መጥለፍ ይቻላል? መርፌው ቆዳውን እየቆረጠብኝ ነው።

ሐረግ ሥራ
ይቻላል፤ ግን ስፌቱን አራርቂው። ቆዳ ላይ መርፌ የበሳው ቀዳዳ አይዘጋም፣ ከተጠጋጋ እንደ ቴምብር ዳር ይቀደዳል። ቅጠሉን አትሙዪው፤ ዳሩንና አጥንቱን ብቻ በሰንሰለት ስፌት አውጪው። ከዚህ ሌላ የቆዳ መርፌ ተጠቀሚ፤ ቀዳዳውንም አስቀድመሽ በወስፌ ምልክት አድርጊበት።