የተሳሳተ የመልስ ቁልፍ እንዲታረም ለመጠየቅ ምክራችሁን እሻለሁ

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ስሆን፣ የገጠመኝን ችግር አስረድቼ ምክራችሁን ለመጠየቅ እወዳለሁ። በፊዚክስ የሴሚስተር ማጠቃለያ ፈተና ላይ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ የመጨረሻው ከፍታ ላይ ሲደርስ ፍጥንጥነቱ (ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን) ስንት እንደሆነ ተጠይቀን ነበር። እዚያ ነጥብ ላይ ዜሮ የሚሆነው ፍጥነቱ ብቻ ነው፤ የመሬት ስበት ስለማይቋረጥ ፍጥንጥነቱ ወደ ታች 9.8 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ገደማ እንደሆነ ይቀጥላል። እኔም ይህንኑ መለስኩ፤ በመምህራችን የመልስ ቁልፍ ግን ትክክለኛው መልስ «ዜሮ» ተብሎ ስለተያዘ ኤክስ ተደረገብኝ፤ በዚሁ ቁልፍ የታረመላቸው የሌሎች ክፍሎች ተማሪዎችም ነጥብ አጥተዋል።

መማሪያ መጽሐፉን ይዤ በአክብሮት ሳነጋግራቸው፣ «ውጤቱ ሮስተር ላይ ሰፍሯል፤ ከእንግዲህ አይነካም» ብለው መለሱልኝ። መምህሩ በሌላው ነገር ሁሉ የማከብራቸው፣ ሳይሰለቹ የሚያስረዱ ሰው ስለሆኑ፣ እንደከሰስኳቸው እንዲቆጠርብኝ አልፈልግም። ይሁን እንጂ ትራንስክሪፕት ላይ የሚቀረው ውጤት የእኔ ነው፤ ከዚህም በላይ የሚያስጨንቀኝ፣ የክፍል ጓደኞቼ የተሳሳተውን መልስ እንደ ትክክል ይዘው ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እንዳይቀመጡ ነው።

ስለሆነም ማመልከቻዬን በቅድሚያ ለፊዚክስ ትምህርት ክፍል ተጠሪ ባቀርብ ይሻላል ወይስ በቀጥታ ለርዕሰ መምህሩ? ነጥብ ያጣነው ተማሪዎች በጋራ ብንፈርም መምህሩን ያስቀይም ይሆን? ሮስተር ከተዘጋ በኋላ ውጤቱን ያሳረመ ተማሪ ወይም ያረመ መምህር ካለ፣ ደብዳቤው እንዴት እንደተጻፈ ቢያካፍለኝ ውለታው ከፍተኛ ነው።