«ቆጥረሽ ጻፊው፤ ከዚያስ?» ላለችኝ ምን ልመልስ?

ወገኖቼ፣ የምጽፈው ከደሴ ነው። ሁለተኛ ዲግሪዬን በሥርዓተ ፆታ እየተማርኩ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ ሴቶች ከፈረቃ በኋላ ቤት ውስጥ ስለሚጠብቃቸው ሥራ ነው። «የጥናቱ ፋይዳ» የሚለው ክፍል ላይ ተገትሬ ቀርቻለሁ።

ባለፈው ሳምንት የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ አንዲት የፓርኩ ሠራተኛ እናት ቤት ሄድኩ። ከሌሊት ፈረቃ ገና መግባቷ ነው። ልጇን አዝላ ሊጥ ታቦካለች። እኔ መጠይቄን ዘርግቼ «በቀን ስንት ሰዓት ያለ ክፍያ ትሠሪያለሽ?» እላለሁ። የእጇን ሊጥ እየጠረገች ሳቀች። «እህቴ፣ ቆጥሬ አላውቅም። እሺ ቆጥረሽ ጻፊው፤ ከዚያስ?» መልስ አጣሁ።

አባቴማ ጭራሽ «ሴት እንደምትደክም ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ ያስፈልጋል እንዴ?» ይለኛል። እውነቱን ለመናገር የጥናቱ ጥቅም እኔም አንዳንዴ ይጠፋብኛል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርግ ነበር፤ የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜም 15 ነበር። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን እኩል አደረገ፣ ዕድሜውንም 18 አለ። ሴት የሕግ ባለሙያዎች ብዙ ተሟግተውበታል። ነገር ሊለወጥ እንደሚችል ማሳያ ብዬ ይሄን ለእናቲቱ ልነግራት አሰብኩ። ግን ሊጥ ማቡካት በየትኛው አዋጅ ይቀየራል?

የመስክ ጥናት የሠራችሁ፣ ጥቅሙን ለሴቶቹ እንዴት አስረዳችኋቸው? ውጤቱንስ መልሳችሁ ወስዳችሁላቸው ታውቃላችሁ? ደግሞ አማቷ አጠገባችን ስትቀመጥ መልሷ ሁሉ ይቀየራል፤ እሱንስ ምን ላድርገው? ቅዳሜ ተመልሼ እሄዳለሁ።