ለእድር አዳራሽና ለጤና ኬላ ሶላር፦ ጅማ ላይ ምን ይገዛ?

በማና መንገድ ላለው የእድር አዳራሽና ለጎረቤቱ ጤና ኬላ ምን ዓይነት ሶላር እንደሚሻል ለጠየቁን ሰብሳቢ፦

ፓኔሉ ብዙ አያስጨንቅዎት። መርካቶ ከሚሸጡት ውስጥ ጀርባው ላይ ዋቱ በግልጽ የተጻፈውን ይምረጡ፤ ሲሰቀል ወደ ደቡብ ትንሽ ዘንበል ይበል፣ የዛፍ ጥላም አይንካው። ጅማ ላይ ዛፍ የሌለበት ጣሪያ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው።

ገንዘብ የሚበላው ባትሪው ነው። ባለ 9 ዋት ስምንት አምፖሎች ለ5 ሰዓት ሲበሩ 360 ዋት ሰዓት ይፈጃሉ። የድምፅ ማጉያውና የስልክ ቻርጁ ሲጨመሩ 600 እንበለው። ባለ 12 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት ደረቅ ባትሪ (የታሸገ፣ ውሃ የማይጨመርበት የአሲድ ባትሪ) 2,400 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ሆኖም ዘወትር ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ስለሚያጥር የሚጠቀሙበት 1,200 ያህሉን ብቻ ነው። ባለ 12.8 ቮልት 100 አምፔር ሰዓቱ ሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ 1,280 ይዞ 1,000 ያህሉን ያለ ስጋት ይሰጣል። ስለዚህ ዋጋ ሲጠይቁ የ200ውን ደረቅ ባትሪ ከ100ው ሊቲየም ጋር ያስተያዩ። እኔ ሊቲየሙን እመርጣለሁ፤ ደመናው ለቀናት በማይገለጥበት ሐምሌ ባትሪ ሳይሞላ ይሰነብታል፣ ይህ ደግሞ ደረቁን ቶሎ ይጎዳዋል። ውሃ የሚጨመርበት የአሲድ ባትሪ ርካሽ ነው፤ ግን የመሙላት ተራው የማን እንደሆነ እድርተኛው ሲከራከር ባትሪው ይደርቃል። የመኪና ባትሪ የሚያቀርብልዎትንማ አይስሙ።

የአዲስ አበባ ድርጅቶች ሥራቸው ንጹሕ ነው፣ ዋስትናም በጽሑፍ ይሰጣሉ። ብልሽት ሲመጣ ግን ባለሙያው 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ እስኪደርስ አዳራሹ ይጨልማል። የሰፈሩ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከገጠማው ጀምሮ አብሮ ይቁም፤ የሽቦውን ንድፍ ይሳሉና ሳጥኑ በር ላይ ይለጥፉት፤ መለዋወጫ ፊውዝም እዚያው ይቀመጥ። አምፖሎቹ በቀጥታ የ12 ቮልት ይሁኑ፤ የባትሪውን ኃይል ወደ 220 ቮልት የሚቀይረው ኢንቨርተር ቢቃጠል እንኳ መብራት አይቋረጥም።

የጤና ኬላውን የክትባት ማቀዝቀዣ ከዚህ ጋር አያገናኙት። ያለ ባትሪ በቀጥታ ከፓኔል የሚሠራ፣ ቀን የሠራው በረዶ ክትባቱን ሌሊትም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚያቆይለት ማቀዝቀዣ አለ። ግዢውን በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በኩል ይጠይቁ፤ ከማቀዝቀዣው ፓኔል ላይ የስልክ ቻርጅ መስመር ልሳብ የሚል ከመጣም እምቢ ይበሉት።