ባሌን በእግር፣ ድሬ ሼክ ሁሴንን በዚያራ፦ ማንን እንያዝ?

ተራራ መውጣትና የአውሊያ ደጅ መዘየር በአንድ ጉዞ ይሆናሉ ወይ ለምትሉ፦ ባሌ ላይ ይሆናሉ፣ በአንድ አስጎብኚ ግን አይሆኑም። ከአዲስ አበባ በአንድ ዋጋ የሚሸጠውን ጥቅል ጉዞ የማልወደው ለዚህ ነው። የቀይ ቀበሮን ጉድጓድ አንድ በአንድ የሚያውቅ የዲንሾ ልጅ የሼክ ሁሴን መቃብር ወዳለበት የዚያራ ደጅ ወደ ድሬ ሲደርስ እንደ እናንተው እንግዳ ይሆናል። የድሬን ቁባዎች (ጉልላት ያላቸውን መቃብሮች) ታሪክ በቃሉ የሚዘረዝር ሽማግሌም ሳነቴ አምባ ላይ ጭጋግ ሲወርድ አቅጣጫ ይለያል ብላችሁ አትጠብቁ። ጥቆማዬ አጭር ነው፦ መኪናው አንድ ይሁን፣ ሰዎቹ ግን ሁለት።

ሁለቱን ቦታዎች የሚያስተሳስራቸው ዌብ ወንዝ ነው። ከዲንሾ በላይ ባለው ሸለቆ በፈረስ የምትሻገሩት ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ምሥራቅ ወርዶ ሶፍ ዑመር ላይ የኖራ ድንጋዩን ሰርስሮ ይገባል። ይህን መስመር ተከትሎ ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ ጉዞ ከየትኛውም ጥቅል የተሻለ ቅደም ተከተል አለው። ብዙዎቹ አዘጋጆች ግን መንገዱ ስለሚረዝምባቸው ሳነቴን በመኪና አሳይተው መመለስ ይመርጣሉ።

ከላይ እንጀምር። ዲንሾ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤትም እዚያ ነው። የመግቢያና የድንኳን መትከያ ክፍያ ለፓርኩ፣ የአስጎብኚው አበል ለአስጎብኚው፣ የፈረሱ ኪራይ ለባለ ፈረሱ ነው። ሦስቱን ጠቅልሎ አንድ ቁጥር የሚጠራላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ዘርዝር በሉት። ፓርኩ መስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ስለተመዘገበ እንግዳው መጨመሩ አይቀርም፤ በበዓል ሰሞን አስቀድሞ መደወል ይበጃል።

አስጎብኚውን መፈተን ከፈለጋችሁ ስለ ቀይ ቀበሮ አትጠይቁት፤ ስለ ፍልፈል ጠይቁት። ባሌ ላይ ብቻ የሚገኘው ግዙፉ ፍልፈል የቀበሮው ዋና ቀለብ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ቀበሮ ፍለጋ አያሯሩጣችሁም፤ የፍልፈል ጉድጓድ የበዛበት መስክ ዳር አስቀምጧችሁ ዝም ያሰኛችኋል። ሌላው መለኪያዬ ውሻ ነው። ባለ ፈረሱ ውሻውን አስከትሎ ሲመጣ አስጎብኚው ካልተቆጣ ሌላ ሰው ይፈለግ፤ የባሌን ቀበሮዎች ደጋግሞ የጨረሰው ከውሻ የሚጋባው የእብደት በሽታ ነውና።

የእግር መንገዱን ከዲንሾ ወደ ሶዶታ፣ ከዚያ ፊንጫ ሀበራ ፏፏቴን አይቶ ወደ ኬይረንሳ ብታደርጉት ጥሩ ነው፤ ጉልበት ያለው ራፉና ጋርባ ጉራቻ ሐይቅ ድረስ ይቀጥል። ዲንሾ ራሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ መጀመሪያ አንድ ሌሊት እዚያው እደሩ። በማግስቱ 4,000 ሜትር ላይ ራስ ምታት የሚያንገላታው ይህችን ሌሊት የዘለለውን ሰው ነው። ብርዱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ድንኳን በኪራይ ቢገኝም የመኝታ ከረጢት ግን የራሳችሁን ያዙ፤ ከሰው የሚከራዩትን ከረጢት ሙቀት ማንም ዋስ አይሆንላችሁም።

ድንኳን የማይወድ ሰው ከዚህ በፊት ባሉት ከተሞች፣ በዶዶላና በአዳባ በኩል፣ በፈረስ ከአንዱ የእንጨት ቤት ወደ ሌላው እያደሩ የሚሄዱበትን መስመር ሊያስብ ይችላል። ለጀማሪ ይቀላል፣ ደኑም ውብ ነው። ቤቶቹ ዘንድሮ በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ ግን ሳትጠይቁ አትነሡ። ቀይ ቀበሮን በቅርብ ለማየት ለሚጓጓ ሰው ግን ከዲንሾ በላይ ያለው የዌብ ሸለቆና ሳነቴ ይሻላሉ።

በእግር መሄድ ለማይችሉ ወላጆች ከጎባ ሳነቴን አቋርጦ ሐረና ደን የሚወርደው የመኪና መንገድ አለ። 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ከመንገዱ ብዙም አይርቅም። ጅባራው፣ ከዚያ አስታው፣ ከዚያ ጥቅጥቅ ያለው ደን በሰዓታት ውስጥ ይፈራረቃሉ። ሪራ መንደር ላይ የጫካ ቡና ጠጡ፣ ማርም ግዙ፤ ለአካባቢው ሰው በቀጥታ የሚደርስ ገንዘብ ነው።

ከሮቤ ወደ ምሥራቅ ጎሮን አልፋችሁ ሶፍ ዑመር ትደርሳላችሁ። ዋሻው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ስሙን ያገኘው ከተከታዮቹ ጋር ተጠልሎበታል ከሚባለው ከሼክ ሶፍ ዑመር ነው። እዚህ የመንደሩን ልጅ ያዙ፤ ወንዙ የቱ ጋ እንደሚሻገሩት የሚያውቀው እሱ ነው። የእጅ ባትሪ ለየራሳችሁ ያዙ፣ አንድ ተጨማሪም ይኑር። ዝናብ በላይ ደጋው ላይ ከጣለ፣ እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ጥርት ያለ ቢሆንም አትግቡ።

ድሬ ሼክ ሁሴን ላይ ነው እንግዲህ ጥንቃቄ የሚያሻው። በኖራ የነጡት ቁባዎች ለጎብኚ የተዘጋጁ አይደሉም፤ የሚለምኑበት፣ የሚያለቅሱበት፣ ስለት የሚያገቡበት ደጅ ናቸው። ከአርሲ፣ ከሐረርጌና ከሌላም አገር ባላ በትር ይዘው በእግራቸው የሚመጡ ዘያሪዎች አሉ፤ ከመካከላቸው ክርስቲያንም አይጠፋም። ስለዚህ ከምንም በፊት በሮቤ ወይም በጊኒር በኩል ከደጁ አገልጋዮች ጋር የሚያገናኛችሁ ሰው ፈልጉ፤ ስትደርሱም መጀመሪያ እነሱን ሰላም በሉ። ጫማ ይወልቃል፣ ሴቶች ይሸፋፈናሉ፣ ፎቶ በፈቃድ ነው። የሚሰጠው እንደ ሰው አቅምና ኒያ ስለሆነ፣ «ለዚህ ቁባ ይህን ያህል» እያለ የሚተምንላችሁን አስጎብኚ አትመኑ።

ሌሊት የሚዜመው ባህሮ፣ ማለትም የሼኩ ውዳሴ፣ በአፋን ኦሮሞ ነው። ቋንቋውን ለማትችሉ፣ የሚተረጉምላችሁ ሰው ግጥሙን የሚወድ ይሁን፤ «ሼኩን እያመሰገኑ ነው» ብሎ የሚያልፍ ሰው ገንዘባችሁን በልቷል። አንድ ነገር ልጨምር፦ የመቃብር ዚያራን የሚቃወሙ ሙስሊሞች አሉ፣ ክርክሩም የቆየ ነው። አስጎብኚያችሁ የራሱ አቋም ቢኖረው መብቱ ነው፤ በደጁ ላይ ቆሞ ዘያሪውን የሚያናንቅ ከሆነ ግን ሥራውን አልሠራም። ይህን አስቀድሞ በስልክ ማወቅ አይከብድም። «አንተ ድሬ ሄደህ ታውቃለህ? ከማን ጋር?» ብላችሁ ጠይቁና ድምፁን አድምጡ።

ጊዜው ያጣላል። ለተራራው የሚመቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወቅት ነው፤ ድሬ የሚሞላው ግን በጨረቃ አቆጣጠር፣ በአረፋና በመውሊድ ነው። በእነዚህ ዓመታት አረፋ በግንቦት አካባቢ፣ መውሊድ ደግሞ በነሐሴ አካባቢ ይውላሉ፤ በየዓመቱም ካለፈው ዓመት 11 ቀን ያህል ቀድመው ይውላሉ። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ብባል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው በበጋ ይሂድ እላለሁ፤ ድሬን ጸጥ ባለ ጊዜ ያያል፣ አገልጋዮቹም ለማውራት ፋታ አላቸው። ለዝማሬውና ለሕዝቡ የሚሄድ ደግሞ ተራራውን ይተወው፣ ማደሪያ እንደማያገኝም አስቦ ይነሣ።

ለማነጻጸር ያህል፣ ወሎ ያለው የጀማ ንጉሥ የዚያራ ደጅ ለአማርኛ ተናጋሪ በአንድ ነገር ይበልጣል፦ መንዙማው ያለ አስተርጓሚ ልብ ይገባል። ከከሚሴ በኩል በእግር የሚወጣበት የሾንኬ የድንጋይ መንደርም ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። የዱር አራዊቱና የከፍታው ነገር ግን ከባሌ ጋር አይወዳደርም። ሐረር ቁባ በየመንገዱ የሚገኝባት ከተማ ናት፣ ቁንዱዶ ተራራም ከዱር ፈረሶቹ ጋር ቅርብ ነው፤ አጭር ዕረፍት ላለው ሰው ይበቃል። ወሎም ሆነ ባሌ ከመሄዳችሁ በፊት የመንገዱን ጸጥታ ከአካባቢው ሰው አጣሩ።

መኪናውን በተመለከተ፣ ወደ ሮቤ በአውሮፕላን በርሮ እዚያ መከራየት ጊዜ ይቆጥባል፤ ቡድናችሁ ከአራት ሰው በላይ ከሆነ ግን ከአዲስ አበባ ይዞ መውጣቱ ይረክሳል። በየትኛውም መንገድ ቢሆን ከፍ ያለ መኪና ይሁን። ሾፌሩ ከሮቤ ወዲያ እስከ ድሬ እንደሚሄድ፣ ነዳጁንና የሾፌሩን አበል ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ አስፍሩ፤ «መንገዱ አይመችም» የሚለው ጭቅጭቅ የሚነሣው ጊኒር ከደረሳችሁ በኋላ ነው።