የህንፃ አየር ማቀዝቀዣ የመገናኛ መስመር ሲቆራረጥ፦ ምን ይገዛ? ማንስ ይሥራው?

ጥያቄ፦ የቢሮ ህንፃ ነው። 26 የፋን ኮይል ኮንትሮለሮች (የየክፍሉን ማቀዝቀዣ የሚቆጣጠሩ ቦርዶች) በአንድ የባክኔት ኤምኤስቲፒ መስመር (ኮንትሮለሮች በሁለት ሽቦ መረጃ የሚለዋወጡበት) ላይ ተያይዘዋል፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 38400 ቢት፣ ኬብሉ ካት 5ኢ (የኮምፒውተር ኔትወርክ ኬብል)። ከ17ኛው በኋላ ያሉት ብቅ ጥልቅ ይላሉ። አንዱ ባለሙያ ኬብሉ ይቀየር ይላል፣ ሌላው ሪፒተር (ሲግናሉን የሚያድስ መሣሪያ) ጨምሩ፣ ሦስተኛው ቦርድ ቀይሩ። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ገና ምንም አትግዛ። የሁሉንም ኮንትሮለሮች ኃይል አጥፋና በመስመሩ አንድ ጫፍ ላይ በሁለቱ የመረጃ ሽቦዎች መካከል ኦም ለካ። በሁለቱ ጫፎች ላይ 120 ኦም ተርሚኔተር (ሲግናሉ ከጫፍ ተመልሶ እንዳይነጥር የሚታሰር ሬዚስተር) ካለ ንባቡ 60 ገደማ ነው። መስመሩ ከረዘመ የሽቦው የራሱ ተቃውሞ ይጨመርበትና ወደ 70 ሊጠጋ ይችላል። 120 ካሳየህ አንዱ ጫፍ ተርሚኔተር የለውም ወይም መስመሩ መሀል ላይ ተበጥሷል። 40 ገደማ ከሆነ ሦስተኛ ተርሚኔተር አለ። ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሽቦዎቹ ተነካክተዋል።

ቀጥሎ መስመሩን እየከፈልክ ሞክር። ከ13ኛው በኋላ ያለውን ንቀልና የፊተኛው ግማሽ ብቻውን ይረጋጋ እንደሆነ እይ፤ ካልተረጋጋ እሱንም ለሁለት ክፈለው። በአምስት ሙከራ ጥፋቱ ያለበት ቦታ ላይ ትደርሳለህ። የነቀልክበት ቦታ ላይ ግን ጊዜያዊ 120 ኦም ሬዚስተር እሰር፤ አለዚያ ምርመራው ራሱ ያታልልሃል። አድሬስ (በመስመሩ ላይ ያለው መለያ ቁጥሩ) የተደገመበት ኮንትሮለር እንደሌለም አረጋግጥ። ሁለት መሣሪያ አንድ ቁጥር ሲይዝ ምልክቱ ከሽቦ ችግር ብዙም አይለይም።

ሌላ መልስ፦ ስለ ኬብሉ ልጨምር። ካት 5ኢ በከንቱ ይታማል። ኤምኤስቲፒ የሚፈልገው ከ100 እስከ 130 ኦም ኢምፒዳንስ (ኬብሉ ለሲግናል የሚያሳየው ተቃውሞ) እና በሜትር ከ100 ፒኮፋራድ ያነሰ ካፓሲታንስ (በሽቦዎቹ መካከል የሚጠራቀም ቻርጅ መጠን) ነው፤ ካት 5ኢ ሁለቱንም ያሟላል። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ አያያዙ ላይ ነው፦ ከሁለቱ የመረጃ ሽቦዎች ኤ ከአንዱ ጥንድ፣ ቢ ከሌላው ጥንድ ሲወሰድ ሽቦዎቹ እርስ በርስ የተጠማዘዙበት ጥቅም ይቀራል። ቀጭኑ ጠጣር ሽቦም በብሎን ተርሚናል ውስጥ ሲጠብቅ ተቆርጦ፣ ላዩን ደህና መስሎ ይቀመጣል። ስለዚህ እያንዳንዱን ሽቦ በጣትህ ሳብ አድርገው።

አዲስ መስመር የምትዘረጋ ከሆነ ግን ለሥራው የተሠራው ኬብል ይሻላል። ቤልደን 9841 ባለ 120 ኦም አንድ ጥንድና ሺልድ (የኤሌክትሪክ ረብሻ የሚከላከል ሽፋን) ያለው ነው። ኮንትሮለሮቹ የጋራ ሪፈረንስ ተርሚናል (የቮልት መነሻቸው የሚገናኝበት) ካላቸው ግን የቤልደን 3106ኤን ምረጥ፣ ከጥንዱ ሌላ ሦስተኛ ሽቦ አለው። ሺልዱ በየኮንትሮለሩ ላይ ሳይቋረጥ ይቀጥል፣ ኧርዝ (የመሬት ሽቦ) የሚታሰረው ግን በአንድ ጫፍ ብቻ ነው። በሁለቱም ጫፍ የታሰረ ሺልድ በህንፃው ኧርዞች መካከል ባለው የቮልት ልዩነት የተነሳ በራሱ ላይ ከረንት ያስኬዳል።

ሪፒተሩን እርሳው። የሚያስፈልገው መስመሩ ከ1200 ሜትር ሲያልፍ ወይም መሣሪያው ሲበዛ ነው። መስመሩን ሙሉ ጭነት የሚጭነው የድሮው የኮንትሮለር መገናኛ ቺፕ እንኳ በአንድ መስመር 32 ይፈቅዳል፤ አንተ ያለህ 26 ነው። ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ የተዘረጋ መስመርን በሪፒተር ለማዳን መሞከርም ልማድ ሆኗል፣ እኔ አልመክርም።

ሌላ መልስ፦ መስመሩን በላፕቶፕ ለማዳመጥ የዩኤስቢ አስማሚ ከገዛህ ኤሌክትሪካዊ መለያ ያለውን ውሰድ። መለያ የሌለው ርካሹ የላፕቶፑን ግራውንድ ከመስመሩ ጋር ያገናኝና አዲስ ችግር ይፈጥራል። የኤፍቲዲአይ ቺፕ ያለው ይመረጣል፤ የ76800 ፍጥነትን የማይችሉ አስማሚዎች አሉ። በዊንዶውስ ላይ የዚህ ቺፕ የመዘግየት ጊዜ (የደረሰውን መረጃ ይዞ የሚያቆይበት) ሲጀመር 16 ሚሊሰከንድ ነው፣ ወደ 1 ዝቅ አድርገው። የተቀዳውን ዋየርሻርክ የተባለው ፕሮግራም ያነበዋል። ቶክኑን (መሣሪያዎቹ የሚቀባበሉትን የመናገር ተራ) የማይመልሰው አድሬስ ቁጥሩ ራሱ ይታይሃል፣ ግምት የለም።

ስለሚሠራው ሰው፦ የአምራቹ ወኪል ሶፍትዌሩና የይለፍ ቃሉ በእጁ ስለሆነ ለሴቲንግ ይመረጣል። ሽቦውን ግን ኦሲሎስኮፕ (የሲግናሉን ሞገድ በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) ያለው የቁጥጥር ሥርዓት ቴክኒሻን የበለጠ ያውቀዋል። መልቲሜትር አማካዩን ብቻ ስለሚያሳይ የተበላሸውን የሞገድ ቅርፅ አያሳይም። የመብራት ሠራተኛ መሳቢያ ቱቦና ዝርጋታ ላይ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ተርሚኔተር ስትጠይቀው ግራ ከገባው ለዚህ ሥራ አትቅጠረው። ማንንም ብትይዝ ከሥራው በፊትና በኋላ የነበረውን ኦም በጽሑፍ እንዲሰጥህ ተስማማ። ሳይለካ ቦርድ የሚቀይረውን አሰናብት።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። አንድ ፎቅ ላይ ዳይኪን ቪአርቪም (አንድ የውጭ ክፍል ብዙ የውስጥ ክፍሎችን የሚያገለግልበት ማቀዝቀዣ) አለ፣ ዩ4 የሚል የስህተት ኮድ ያሳያል። ይሄ ሁሉ ለእሱም ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም፣ እሱ ሌላ ዓለም ነው። ኤፍ1 እና ኤፍ2 የሚባሉት የመገናኛ ተርሚናሎቹ ፖላሪቲ (ፕላስና ማይነስ) የላቸውም፣ 120 ኦም ሬዚስተርም እንዳትጨምርባቸው። ዩ4 የውስጥና የውጭ ክፍል አለመግባባት ነው። መጀመሪያ የሁሉም የውስጥ ክፍሎች ብሬከር መብራቱን እይ፣ ቀጥሎ ሽቦው ወደ ሌላ የውጭ ክፍል በሚሄደው ተርሚናል ላይ በስህተት አለመግባቱን። ከ0.75 እስከ 1.25 ስኩዌር ሚሊሜትር ሽቦ ይበቃዋል። ዋናው የመብራት ኃይል በስህተት ከነካው ቦርዱ ይቃጠላል።

ማቀዝቀዣው ሚትሱቢሺ ሲቲ መልቲ ቢሆን ኖሮ ቲቢ3 በሚባለው የመገናኛ ተርሚናል ላይ ከ24 እስከ 30 ቮልት ዲሲ መኖሩን ትለካ ነበር፤ እሱ ሺልድ ያለው ኬብል ይፈልጋል።

ጠያቂው፦ የኤምኤስቲፒውን ለካሁ፣ 43 ኦም ነው።

መልስ፦ ሦስት ተርሚኔተር አለህ ማለት ነው። ከ17ኛው ጀምረህ ፈልግ። መስመሩ ድሮ እዚያ ያልቅ የነበረና በኋላ የተቀጠለ ከሆነ፣ ያኔ የበራችው ትንሿ የተርሚኔተር ስዊች እስካሁን አልጠፋችም። አጥፋትና እንደገና ለካ። የ26ኛውን እንዳትነካ።